ዕቃው ሲያስብ

በአዳማ ዕቃ ሲያስብ ይለብሳል።

ልማዱ መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው የለም። ምናልባት ዕቃዎች ገና ብዙ ቁልፍ በነበራቸው ዘመን «ጥቂት ራቅ ብለው ይታገሡ» የሚል ጽሑፍ ያወጡ ነበርና፣ ሰዉ መራቁን ፊት ወደ ማዞር፣ ፊት ማዞሩንም ወደ መሸፈን አሳድጎት ይሆናል። አሁን ምድጃም ይሁን ማጠቢያ፣ መብራቱ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ሲለወጥ የቤቱ ሰው ንጹሕ ነጠላ አውጥቶ ጣል ያደርግበትና ክፍሉን ለቆለት ይወጣል። ለሊፍቱ እንኳ በየፎቁ መጋረጃ ተሰቅሎለታል። ልጆች «አታፍጥበት፣ እያሰበ ነው» እየተባሉ ያድጋሉ። አፍጥጦ የሚያይ ልጅ፣ እንግዳ ፊት አፍንጫውን እንደሚጎረጉር ልጅ ይቆነጠጣል።

ብዙ ጊዜ ዕቃው ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ይሆናል። ካልሆነም ነጭ መኪና መጥቶ ይወስደውና ያንኑ የሚመስል ሌላ በቦታው ያስቀምጣል። ምን ሆኖ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ክልክል ሆኖ አይደለም፤ የሚጠየቅበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ትርሲት ዕቃ ማልበስ የምታውቅበት ሴት ነበረች። ነጠላዎቿ ታጥበውና ተተኩሰው በመሳቢያ ውስጥ በየልካቸው ይደረደራሉ። ከሁሉ የሚያምረው፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው፣ ለባሏ መተንፈሻ የተለየ ነበር።

መክብብ ዕድሜውን ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ አሳልፎ ሳንባው ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ አይርቅም። መተንፈሻው ራስጌው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ከመለስተኛ ሻንጣ የማይበልጥ ነጭ ዕቃ ነው። ስፌት የለውም፤ ብሎን የለውም። ቀጭን ቱቦ ከእሱ ወጥቶ መክብብ አፍንጫ ላይ ያልቃል። ፊት ለፊቱ አንድ መብራት፣ ከመብራቱም ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ አለ።

እንዲህ ያሉትን መስመሮች ማለስለስ የትርሲት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ አጥንታ የወጣች ናት፤ የዕቃዎች ጽሑፍ የሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ከገባች ቆይታለች። ደንቡ አጭር ነው፤ ጽሑፉ የዕቃውን ብልት በስም አይጠራም፣ ቁጥር አይናገርም፣ ምክንያት አይሰጥም። የሚወገዱ ቃላት በየጊዜው ይላኩላታል፤ እሷም ታወጣቸዋለች። ማጣሪያ ወጣ። ግፊት ወጣ። ቫልቭ ወጣ። መግቢያ ወጣ። ምን እንደነበሩ አታውቅም፤ ረግጣው በማታውቀው አገር የሞቱ ሰዎችን ስም እንደምትሰማ ሆና ነበር የምትሰርዛቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ቫልቭ ምን እንደሆነ ጠይቃት ነበር። ልጅቷ ሳቀች። ምን ሊያደርግልሽ ነው፣ ልትቀቅዪው ነው አለቻት።

በመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አረንጓዴ መብራት ማለት «መልእክቱ ደርሷል» ማለት ነው። ዕቃው ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ትርሲት ይህን ሥራ ከጀመረች አንሥቶ ታውቃለች። የቢሮ ዕውቀት ግን ቢሮ ይቀራል፤ ቤቷ ስትገባ አረንጓዴውን አይታ እንደ ሰው ሁሉ እፎይ ትላለች።

በዚያ በጋ የአዳማ ነፋስ አልበርድ አለ። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። መተንፈሻውም ማሰብ አበዛ። ትርሲት ታለብሰዋለች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች፣ ጥቂት ቆይታ ስትመለስ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃታል። መክብብ ግን እንደ መብራቱ አልሆነም። ጥፍሮቹ ጠቆሩ። አንድ ቃል ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይፈጃል። መተንፈሻውን ወደ ሰጣቸው አገልግሎት ስትደውል ደስ የሚል ድምፅ ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሆነ፣ መክብብም ዛሬ በጣም ጥሩ እየተነፈሰ እንደሆነ ይነግራታል።

«በጣም ጥሩ እየተነፈስክ ነው ይልሃል» አለችው አንድ ቀን።

መክብብ ፈገግ አለ። «እኔ... ነኛ... ያልሰማሁት» አለ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የምስር ሾርባ እያጎረሰችው ሳለ መብራቱ ብርቱካናማ ሆነ። ትርሲት በጥድፊያ ተነሥታ ባለ ሰማያዊ ጥለቱን ነጠላ ስትዘረጋ ክርኗ ሳህኑን መታውና ሾርባው ነጠላው ላይ ተደፋ። በቆሸሸ ልብስ ማልበስ ነውር ነው፤ ገፈፈችና መዘፍዘፊያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያውን ስትከፍት ባዶ ነው፤ በዚያ ሳምንት ማጠቢያውም ምድጃውም ሲያስቡ ስለሰነበቱ ነጠላዎቿ ሁሉ በረንዳ ላይ ተሰጥተዋል፣ ገና አልደረቁም። መተንፈሻው ራቁቱን ማሰብ ቀጠለ። እሷም ቢያንስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችለት።

ከኋላዋ የባሏ ድምፅ መጣ።

«ሾርባው አለቀ እንዴ? እኔ እኮ አሁንም ርቦኛል።»

ትርሲት ዞረች። መክብብ በአንድ ትንፋሽ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ሰንብቷል። ከንፈሩ ላይ የነበረው አመድ መሳይ ነገር ሳስቷል። መብራቱ አሁንም ብርቱካናማ ነው። ያን ጊዜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስብ ዕቃ አየች።

ከመብራቱ በቀር የተለየ ነገር አልነበረውም። ጎኑ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደ ዓሣ አንገት ስንጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መስመሮቹን አቧራ ሳይሆን እንደ ተዳመጠ ጥጥ ያለ ግራጫ ነገር ደፍኗቸዋል፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተቀዶ ነበር። እጇን ወደዚያ ጥግ አስጠጋች። የሆነ ነገር መዳፏን ሳባት። እጇን ነጥቃ አነሣች።

ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዝዛ አንጠለጠለችው። ክሩ ዘንበል ብሎ ወደ ስንጥቁ ገባ።

«ይስባል» አለች በሹክሹክታ፣ ዕቃው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል።

«ምን?»

«አላውቅም። አየር መሰለኝ። የዚህን ክፍል አየር።»

መክብብ ክሩን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መዘፍዘፊያ ውስጥ ወደ ገባው ነጠላ ዞረ። ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት፤ ፈጥና ሾርባው ይሆናል ያበረታህ አለችው።

«ምስር ሳንባ ያክማል ሲባል አልሰማሁም» አለ። «ድገሚው።»

«ምኑን?»

«አልብሺው። ከዚያ አንሺው። ያኔ እናውቃለን።»

«እምቢ።»

«ትርሲት፣ ስታለብሺው ነው የኖርሽው። አንድ ጊዜ እያየሽ አልብሺው።»

ከበረንዳው ከነርጥበቱ አንድ ነጠላ አውርዳ አምጥታ አለበሰችው። እንደ ወትሮው አልወጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን እጅ ያዘችና ጥፍሮቹን አየች። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ተስፋ አደረገች። ቀስ እያለ ከሥራቸው ጥላ መጣ። መክብብ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም። ትከሻው ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር አላስቻላትም፤ ነጠላውን ገፍፋ ወረወረችው። ከዚያ ሁለቱም ጥላው ከጥፍሮቹ ሥር እስኪሸሽ ጠበቁ።

ሸሸ።

ትርሲት መተንፈሻውን ያለበሰችባቸውን ቀኖች ማስታወስ ጀመረች። ጀመረችና አቆመች። ተነሥታ የፀጉር ብሩሿን አምጥታ፣ ስንጥቆቹ ላይ የተለበደውን ግራጫ ነገር ትጠርግ ገባች። በብሩሹ የወጣው የነጠላ ብናኝ ነበር። የራሷ ነጠላዎች። መብራቱም ማንም ሳያዘው አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቂት ቀኖች፣ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ቤት ከታዩት ሁሉ የተለዩ ነበሩ። መክብብ ትራስ ተደግፎ ጆሮውን ዕቃው ላይ ይለጥፋል። ከውስጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ እንዳለ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እንደሚጀምር ደረሰበት። መስኮቱ ሲከፈት ድምፁ እንደሚለወጥ ደረሰበት። ዕድሜውን በዕቃ ተከቦ ኖሮ አንድም ዕቃ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ሲናገር እንደ ማዘንም እንደ መደሰትም ይል ነበር። ትርሲትም ከሰረዘቻቸው ቃላት አንዱን አምጥታ ሰጠችው። ስንጥቆቹን «መግቢያ» ሳይሏቸው እንዳልቀሩ ነገረችው። መክብብ ቃሉን አፉ ውስጥ አገላብጦ፣ ታዲያ መውጫውስ የት ነው አላት። ሁለቱም መልሱን አያውቁትም፤ ግን ጥያቄው እስኪመሽ አጫወታቸው።

ፊት ለፊታቸው ያሉት እትዬ ሐመልማል በሽተኛ ሊጠይቁ የገቡት በዚያ ሳምንት ነው። ባላቸው አቶ ዘውገም በእንዲህ ያለ መተንፈሻ የሚኖሩ ስለሆኑ ሁለቱ ቤቶች ይጠያየቃሉ። እትዬ ሐመልማል ከበሩ ሳያልፉ ቆሙ፤ መተንፈሻው ብርቱካናማ ሆኖ ነበር፣ ምንም አልለበሰም። ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«ምነው ልጄ፣ ራቁቱን?» አሉ። «ነጠላ ከቸገረሽ ከእኔ ዘንድ ትወስጂ የለ?»

ትርሲት አስቀምጣቸው ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ክሩን ልታሳያቸው ስትነሣ እጇን ያዙት። አልተቆጡም። የነገረቻቸውን እንደ ትኩሳት ወሬ አደመጡትና መክብብን ዞረው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የዘውገን ነጠላ ራሳቸው እንደፈተሉት፣ እንደሱ ወፍራምና የሚሞቅ በሕንፃው ውስጥ እንደሌለ፣ ቀን ከሌት ከዕቃው ላይ እንደማያወርዱት ነገሯት። ዕቃው ይደሰትበታል አሉ።

ትርሲት ለአቶ ዘውገ ሲሉ ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያወርዱት ለመነቻቸው። እትዬ ሐመልማል እሺ እንደሚባል ሕፃን እሺ አሏትና ሄዱ። በማግሥቱ በራቸውን አንኳኳች፤ እንግዳ አለብኝ ተባለች። ዳግመኛ አንኳኳች፤ መልስ አልነበረም።

አርብ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ለቅሶ ተሰማ።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አቶ ዘውገ ተገንዘዋል። መተንፈሻው ባዶው አልጋ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ የሚወስደው ነጭ መኪና ገና አልመጣም። ወፍራሙ ነጠላ እስከ ወለል ወርዶበታል፣ በነጠላውም ውስጥ አረንጓዴው መብራት ይታያል። ትርሲት ከለቀስተኞቹ ጋር ልትቀመጥ ነበር የገባችው። ከመቀመጧ በፊት ግን እግሯ ወደ ዕቃው ወሰዳት። ነጠላውን አነሣች። ስንጥቆቹ የሉም፤ በቦታቸው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጥጥ አለ። መዳፏን ብትለጥፍበት ምንም አልሳባትም።

ጥጡን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ለምን እንደፋቀችው ኋላ ስትጠየቅ ልትናገር አልቻለችም። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» አሉ እትዬ ሐመልማል።

ትርሲት ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው አብጧል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የምትናገረው ነገር አፏ ላይ ነበር፤ እውነት ነበር፤ ብትናገረው ግን ይህች ሴት ከዛሬ ጀምሮ በየማለዳው ከምን ጋር እንደምትነሣ አሰበች። አልተናገረችም። ይቅርታ ብላ ነጠላውን መልሳ አለበሰችውና ወጣች።

ያየው ሰው ብዙ ነበር። ሰኞ ዕለት ተስፋልደት የሚባል ሰው ከዕቃ አገልግሎቱ የደኅንነት ክፍል መጣ።

ተስፋልደት ጨዋ ሰው ነው። ለመክብብ የወይን ጭማቂ ይዞለት መጥቷል። ሲቀመጥም ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመተንፈሻው ሰጠ፤ ራቁቱን ነበርና። ማንም እንዳልከሰሳት፣ ጎረቤቶቿ ስለሰጉላት ብቻ እንዳመለከቱ፣ የታመመ ሰው አጠገብ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር እንደሚመስለው ነገራት። ሰው ዕቃ ለመረዳት ዕድሜውን ይጨርስ የነበረበት ዘመን እንደነበር፣ ያን ሸክም ከሰው ትከሻ ላይ ማውረድ ቀላል ሥራ እንዳልነበር አስረዳት። የሚለውን ያምንበታል፤ ይህ ከድምፁ ያስታውቃል።

ትርሲት ክር መዘዘች። ተነሥታ መግቢያው ላይ አንጠለጠለችው። ተስፋልደት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይዩት እንጂ» አለችው።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ ካየሁት በኋላ ምን ላደርገው ነው?»

«ለሚያውቅ ሰው ይነግሩታል።»

ተስፋልደት ለአፍታ አሰበ። ሊዋሻት እንዳልፈለገ ገባት። «የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። «ዕቃዎቹን የሚሠሯቸው ዕቃዎች ናቸው።»

«እነሱን ጠይቋቸዋ።»

«እነሱም ያስባሉ» አለ። «ስለዚህ ለብሰዋል። ከእኛ መካከል ያያቸው ያለ አይመስለኝም።»

መክብብ ከአልጋው ሆኖ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ተስፋልደት ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቆ ውሳኔውን ነገራቸው። ዕቃ በማይከበርበት ቤት መተንፈሻ አይተውም። ወይ መተንፈሻው ይመለሳል፣ ወይ መክብብ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ማረፊያ ይገባል። እዚያ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። እሑድ እሑድ መጠየቅ ይቻላል።

ትርሲት እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት መክብብ ቀደማት። እሄዳለሁ አለ። ያለ መተንፈሻው ምሽቱን እንደማያይ ሁለቱም ያውቃሉ። መኪናው ሲመጣ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን ስታስተካክልለት በጆሮዋ «አንቺ ብቻ ነይና አንሺልኝ» አላት።

እሑድ ሄዳ ስታየው ማረፊያው ንጹሕና ሰፊ ነበር። ነፋስ አይገባበትም። በረጅሙ አዳራሽ ግራና ቀኝ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ከየአልጋው ራስጌ መተንፈሻ አለ። የሰፈር ሴቶች ማኅበር ለእያንዳንዱ መተንፈሻ በልኩ ልብስ ሰፍቶለታል፤ ድርብ፣ በውስጡ ጥጥ ያለው፣ ከሥሩ በሪባን የሚታሰር። ደረቱ ላይ የበሽተኛው ስም በሐር ክር ተጠልፏል። ሴቶቹ ለዚህ ሥራ ምሽታቸውን ሰጥተዋል፤ ጥልፉ ላይ ያለው ፍቅር ከሩቅ ይታያል። ልብሶቹ አይወልቁም። ትርሲት በአዳራሹ መካከል እየሄደች ስሞቹን አነበበች። ከሥሩ ሪባኑ ያልታሰረ አንድም አልነበረም።

መክብብ አያት። የሚናገርበት ትንፋሽ አልነበረውም፤ ጣቱን ብቻ ከአንሶላው ላይ ትንሽ አነሣ። ጥፍሩ እንደ ቀለም ጠቁሯል። በልብሱ ውስጥ አረንጓዴው መብራት ሞቅ ብሎ ይታያል።

ሪባኑን ፈታች። ልብሱን እስከ መብራቱ ገልጣ ያዘችው። ክንዷ እስኪዝል፣ ከዛለም በኋላ፣ ያዘችው። የመክብብ ደረት ቀስ እያለ እርጋታ አገኘ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ተኛ። ከትርሲት ሕይወት ውስጥ ያ አንድ ከሰዓት በኋላ ክንዷ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

የዚያን አዳራሽ ነርስ ሲስተር ሶሊያና ይሏታል። ገና ወጣት ናት፤ በእርጋታ የምትራመድ፣ በሽተኞቹን አባባ እማማ እያለች የምታገላብጥ። ሰዓቱ ሲደርስ መጣችና ልብሱን ተገልጦ አየችው። ደነገጠች፤ እንደ ሌሎቹ ዓይኗን ሰበረች።

«እትዬ ትርሲት፣ እባክዎ» አለች። «ጊዜው ደርሷል። እኔ አለብሰዋለሁ።»

«ሲስተር፣ እጅሽን ስጪኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

ትርሲት እጇን ይዛ መግቢያው ላይ አሳረፈችው። ሶሊያና እጇን ልትነጥቅ ሞከረች፤ ትርሲት አለቀቀቻትም። ሶሊያና መታገሏን ተወች። ፊቷ ላይ የነበረው ኃፍረት ሄዶ ሌላ ነገር መጣ።

«ይስበኛል» አለች።

«አየር ነው። ከዚህ ይስባል፤ በቱቦው ይሰጠዋል። ስታለብሺው የሚስበው ያጣል።»

«መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ ማለት መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። ከሱ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ እዚያ ነው የምሠራው።»

ሶሊያና እጇን አላነሣችም። መዳፏን ጠጋ ራቅ አደረገች፣ ሕፃን ልጅ የቧንቧ ውኃ እንደሚነካው። የመክብብን ጥፍሮች አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ራሷ እጅ መለሰች፤ ትርሲት ምን እንደሚመጣ ከመምጣቱ በፊት አወቀች።

«ባለፈው ዓመት እናቴ እቤት ነበረች» አለች ነርሷ። «በእንዲህ ያለው። እኔ ነበርኩ የማለብስላት። እንዳይበርደው ብዬ ጋቢ እደርብበት ነበር።» ቀና ብላ ትርሲትን አየቻት። «ታዲያ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ትርሲት ሥራዋን የተማረችው እንዲህ ላለ ጊዜ ነበር። የሚባለውን ታውቃለች፤ ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፣ እናትሽ በሰላም ነው ያረፈችው፣ አንቺ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል። አንዱ ቢባል ልጅቷ ትድናለች። ልብሱም ይመለሳል፣ ሪባኑም ይታሰራል። በዚያ አርብ ጠዋት ዝም ያለችው እውነቱን ላለመናገር ነበር።

«አዎ፣ ልጄ» አለች። «አንቺም፣ እኔም።»

ሶሊያና አላለቀሰችም። እጇን ከመግቢያው አንሥታ ሽርጧ ላይ ጠረገችው፤ ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ ልብሱን ከትርሲት እጅ ተቀብላ በመተንፈሻው ላይ አወረደች፤ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች፤ ሪባኑን አሰረች። ሁሉንም በዝግታ፣ በጥንቃቄ አደረገች።

«ሰዓቱ አልፏል» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

ትርሲት የመክብብን ግንባር ሳመች። አልነቃም። ነርሷ ከፊት እየመራች በአዳራሹ ርዝመት ወሰደቻት፤ ሁለቱም ወደ ጎን አላዩም። የአዳራሹ የመስታወት በር ተከፈተ፤ ትርሲት ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ማረፊያው የመጠየቂያ ሰዓት ሲያልቅ መስታወቱን ውስጡ እንዳይታይ ያነጣዋል፣ ጠያቂ እንዳይሳቀቅ። ከሥሩ እንደ ወተት መንጣት ጀምሯል።

ትርሲት ዞራ ቆመች። ሶሊያና ወደ አዳራሹ መካከል ተመልሳ፣ በአልጋዎቹ መካከል ብቻዋን ቆማ ነበር። እጇ አጠገቧ ወዳለው መተንፈሻ ተዘረጋ፤ ደርሶ ተመለሰ። ነጩ እስከ ወገብ፣ ከዚያ እስከ ትከሻ ወጣ። ትርሲት በእግር ጣቷ ቆመች። ነርሷ አጎነበሰች። በቀረው ቀጭን መስመር ትርሲት አንድ ልብስ መሬት ላይ ወድቆ አየች። ከየትኛው አልጋ እንደወረደ ለማየት ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ ጥልፉ ወደ ላይ ነበር፣ ስም አለበት፣ የመጀመሪያውን ፊደል ለመለየት ስትሞክር መስታወቱ ነጣ።